አዲሱ ኦፊስና የቆየው የሒሳብ ፕሮግራማችን አልስማማ አሉ፤ ችግሩ ከራንታይሙ (ፕሮግራሙ እንዲሄድ ከሥሩ ከሚያስፈልገው ማስኬጃ) ነው ወይስ ከኦፊሱ?

የሒሳብ ሠራተኛ (እነዋሪ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። በሞረትና ጅሩ ወረዳ በሚገኝ አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ መዝገብ እይዛለሁ። የአባላትን ቁጠባ፣ ብድርና ወለድ የምንመዘግብበት ፕሮግራም በዊንዶውስ 7 ዘመን የተሠራ ሲሆን መረጃውን የሚያስቀምጠው በአክሰስ (የኦፊስ ዳታቤዝ ፕሮግራም) ፋይል ነው፤ የየቀበሌው ገንዘብ ሰብሳቢዎች በኤክሴል የሚያመጡልንን ዝርዝርም ራሱ አንብቦ ያስገባል። የሠራልን ባለሙያ አሁን በአገር ውስጥ ስለሌለ ምንጭ ኮዱን ለማግኘት አልቻልንም።

የአሮጌው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ እየደከመ በመምጣቱ ማኅበሩ ዊንዶውስ 11 እና ኦፊስ 2021 የተጫነበት አዲስ ኮምፒውተር ገዝቷል። ፕሮግራሙን ስንጭን በመጀመሪያ ዶትኔት ፍሬምዎርክ 3.5 (የማይክሮሶፍት ራንታይም) ያስፈልገኛል የሚል ሳጥን አወጣ። በሌላ ሰው እርዳታ ያንን ካለፍን በኋላ መግቢያው ይከፈታል፤ የይለፍ ቃል ሲገባ ግን የእንግሊዝኛ የስሕተት መልእክት አውጥቶ ይዘጋል። ከዚህ የተለየ ደግሞ፣ ወለድ የምናሰላበት ማክሮ (በፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ) ያለው የኤክሴል ፋይል በአዲሱ ማሽን ላይ ስንከፍተው «ኮዱ ለ64 ቢት ሥርዓት መታደስ አለበት» የሚል ትርጉም ያለው ማሳሰቢያ ይሰጣል። አንዳንዱ ዊንዶውሱን መልሳችሁ ወደ 7 አውርዱት ይለናል፣ ሌላው አዲስ ፕሮግራም ግዙ ይለናል። ከመወሰናችን በፊት የምታውቁትን ብታካፍሉን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጥገና ቤት (ደብረ ብርሃን)

ወደ ዊንዶውስ 7 መመለስን ከሐሳብዎ ያውጡት። ማይክሮሶፍት የደኅንነት ማሻሻያ መስጠቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው፤ የሰው ገንዘብ በተመዘገበበት ማሽን ላይ ይህን ማድረግ ተገቢ አይደለም።

የዶትኔቱን ነገር አልፌዋለሁ ብለዋል፣ ነገር ግን ይህን ክር ሌላም ሰው ሊያነበው ስለሚችል ልግለጸው። ብዙ ሰው ዊንዶውስ 11 ዶትኔት 4.8ን ይዞ ስለሚመጣ 3.5 ለምን ያስፈልጋል ብሎ ይገረማል። ከ4.0 ወዲህ ያሉት እርስ በርሳቸው ይተካካሉ፤ አንዱ ሲጫን የቀደመውን ያነሣዋል። 2.0፣ 3.0 እና 3.5 ግን በሌላ ማስኬጃ ላይ የቆሙ በመሆናቸው 4.8 አይተካቸውም፣ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። 3.5 የሚበራው ከኮንትሮል ፓነል፣ የዊንዶውስ ተጨማሪ ክፍሎች ከሚበሩበትና ከሚጠፉበት ዝርዝር ላይ ነው፤ ሲበራ ፋይሎቹን ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ ኔትወርክ በመሀል ከተቋረጠ በስሕተት ቁጥር ይቆማል። በዚያን ጊዜ የዚያው ዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ላይ «ሶርስስ» በሚለው ማኅደር ውስጥ ያለውን «ኤስ ኤክስ ኤስ» ማኅደር እንደ ምንጭ አመልክቶ ያለ ኢንተርኔት መጫን ይቻላል። ፍላሹ ከተጫነው ዊንዶውስ ጋር አንድ ዓይነት ዕትም መሆን አለበት። ከማይታወቅ ድረ ገጽ «ዶትኔት ሙሉ ጥቅል» እየተባለ የሚወርደውን ግን አደራ፣ አይንኩት።

ከመግቢያው በኋላ የሚወጣው መልእክት ከዶትኔት ጋር የሚገናኝ አይመስለኝም። ቃል በቃል ይጻፉልን። ኦፊስዎ 32 ቢት ይሁን 64 ቢትም (ፕሮግራሙ መረጃን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድበት ስፋት ነው) ይንገሩን፤ ኤክሴልን ከፍተው በፋይል ሥር «አካውንት» ውስጥ ገብተው «ስለ ኤክሴል» የሚለውን ሲጫኑ ከላይ በኩል ተጽፎ ያገኙታል።

የሒሳብ ሠራተኛ (እነዋሪ)

አመሰግናለሁ። ኦፊሱ 64 ቢት ነው። መልእክቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ማይክሮሶፍት ኤሲኢ ኦሌዲቢ 12.0 የተባለው አቅራቢ በዚህ ኮምፒውተር ላይ አልተመዘገበም» የሚል ነው። የሚገርመው አክሰስ ራሱ በማሽኑ ላይ አለ፤ የመረጃ ፋይሉንም በአክሰስ ስከፍተው ይከፈታል። ያለው ነገር የለም የሚባለው እንዴት ነው?

የአይሲቲ መምህር (መሀል ሜዳ)

ጥያቄዎ የነገሩ ቁልፍ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

አክሰስ ፋይልን የሚከፍተው የአክሰስ መስኮት ራሱ አይደለም፤ ከጀርባው ኤሲኢ የሚባል የዳታቤዝ ሞተር አለ። ከኦፊስ 2007 በፊት ሥራውን የሚሠራው ጄት የሚባለው ነበር፤ እርሱ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የሚመጣና 32 ቢት ብቻ የሆነ ነው። ኦፊስ 2007 አዲሱን የአክሰስ ፋይል ዓይነት ሲያመጣ ኤሲኢም አብሮ መጣ። ፕሮግራምዎ የአክሰስን መስኮት አይጠራም፤ ሞተሩን ወደ ራሱ ማህደረ ትውስታ ውስጥ አስገብቶ ነው የሚጠቀምበት። እንግዲህ በዊንዶውስ ውስጥ 32 ቢት ሆኖ የሚሄድ ፕሮግራም 64 ቢት የሆነ አካል ወደ ውስጡ ማስገባት አይችልም፤ የተገላቢጦሹም አይቻልም። በሬና ፈረስ በአንድ ቀንበር አይጠመዱም። ስለዚህ በማሽንዎ ላይ ኤሲኢ አለ፣ ግን 64 ቢቱ ነው፤ ፕሮግራምዎ የሚፈልገው 32 ቢቱን ከሆነ በእርሱ ዓይን «አልተመዘገበም»። መልእክቱ ይህንን በግልጽ ቢናገር ኖሮ ብዙ ሰው ከብዙ ድካም ይድን ነበር።

ኦፊስ በ64 ቢት መዘጋጀት የጀመረው በ2010 ዕትም ነው፤ ያኔ ግን ማይክሮሶፍት ራሱ አብዛኛው ተጠቃሚ 32 ቢቱን እንዲጭን ይመክር ነበር፣ መጫኛውም በራሱ የሚመርጠው እርሱን ነበር። ከኦፊስ 2019 ወዲህ ግን ካልተመረጠ በቀር 64 ቢቱ ነው የሚጫነው። የእርስዎ ማኅበር ያደረገው ነገር ቢኖር ኮምፒውተር መለወጥ ብቻ ነው፤ ከሥር ግን የቢቱ ወገን አብሮ ተለውጧል።

ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። ፕሮግራሙን ከፍተው መግቢያው ላይ እያለ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ዲቴይልስ» በሚለው ገጽ ላይ «አርኪቴክቸር» የሚባለውን ዓምድ ይጨምሩና ከፕሮግራሙ ስም ትይዩ ኤክስ 86 ወይም ኤክስ 64 የሚል መሆኑን ይመልከቱ። ኤክስ 86 ማለት 32 ቢት ነው።

ሊብሬኦፊስ ተጠቃሚ (ሸዋ ሮቢት)

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ? እኛ መሥሪያ ቤት ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ወጥተን ወደ ሊብሬኦፊስ ከገባን ቆይተናል፤ ደብዳቤውም ሠንጠረዡም ያለ ክፍያ ይሠራል፣ የፈቃድ ጥያቄ የለም፣ ማሽን ሲቀየርም እንዲህ ያለ ግራ መጋባት አላየንም። የአክሰስ ፋይሉን በሊብሬኦፊስ ቤዝ (የዳታቤዝ ክፍሉ) ከፍታችሁ ብትሠሩ አይሻልም ወይ?

ፕሮግራም ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)

ሊብሬኦፊስን እኔም እወደዋለሁ፤ ለደብዳቤና ለተራ ሠንጠረዥ ቢመከር አልቃወምም። ለዚህ ጉዳይ ግን መውጫ አይሆንም፤ ምክንያቱም ቤዝ በዊንዶውስ ላይ የአክሰስ ፋይልን የሚከፍተው በዚያው በማይክሮሶፍት ኤሲኢ በኩል ነው። ሊብሬኦፊሱ 64 ቢት ከሆነ 64 ቢት ኤሲኢ ይፈልጋል፣ 32 ከሆነ 32። በዚያ ላይ በአክሰስ ውስጥ የተሠሩ ቅጾችና ማክሮዎች አብረው አይመጡም፤ ሠንጠረዦቹ ብቻ ናቸው የሚታዩት።

ቤዝ በራሱ ዓይነት ፋይል ልሥራ ቢባል ደግሞ ሌላ ራንታይም ይመጣል። በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ዳታቤዝ በጃቫ የተጻፈ በመሆኑ ጃቫ ከሌለ ፋይሉ አይከፈትም፤ በዊንዶውስ ላይ ሊብሬኦፊስ ጃቫን ይዞ አይመጣም። የቢት ሕግም እዚህ ይሠራል፤ ለ64 ቢት ሊብሬኦፊስ 64 ቢት ጃቫ ነው የሚያስፈልገው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዚህ ነው፤ ጃቫን ይጭናል፣ ሊብሬኦፊስን ከፍቶ በአማራጮች ውስጥ «አድቫንስድ» የሚለውን ሲያይ ዝርዝሩ ባዶ ነው፣ እንደገና ይጭናል፣ አሁንም ባዶ ነው። የጫነው 32 ቢቱን ስለሆነ ነው። አፓቺ ኦፕንኦፊስን የሚጠቀም ሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚቸገረው፤ የዊንዶውስ ዕትሙ 32 ቢት ብቻ በመሆኑ 64 ቢት ጃቫ ቢጫንለት አያየውም፤ ኦራክል ደግሞ ከጃቫ 9 ጀምሮ ለዊንዶውስ 32 ቢት ማዘጋጀቱን አቁሟል። የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን ችግሩን ያላዩት ቤዝን ስላልነኩት ይመስለኛል። ራይተርና ካልክ (የደብዳቤውና የሠንጠረዡ ክፍሎች) አብዛኛውን ሥራቸውን ያለ ጃቫ ይሠራሉ።

ሊብሬኦፊስ ተጠቃሚ (ሸዋ ሮቢት)

እውነት ነው፣ ቤዝን ተጠቅመን አናውቅም።

የሒሳብ ሠራተኛ (እነዋሪ)

እንደተባለው አየሁ፤ ፕሮግራማችን ኤክስ 86 ይላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ 32 ቢት፣ ኦፊሱ 64 ቢት መሆኑ ተረጋግጧል። አሁን ምን ይመከራል?

ጥገና ቤት (ደብረ ብርሃን)

ቀላል ነው። ማይክሮሶፍት የአክሰስ ዳታቤዝ ሞተርን ለብቻው በነፃ ያቀርባል። 32 ቢቱን አውርደው ይጫኑ። በተራ መንገድ ከጫኑት «64 ቢት ኦፊስ ስላለ አይቻልም» ብሎ ይከለክላል፤ ከትእዛዝ መስኮት «ኳየት» በሚለው አማራጭ ከጫኑት ግን ሳይጠይቅ ይገባል። ኦፊሱን መንካት ሳያስፈልግ ፕሮግራሙ ይከፈታል። ብዙ ደንበኞቼን እንዲህ አድርጌ ሸኝቻለሁ።

ፕሮግራም ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)

ጥገና ቤቱ ያሉት መንገድ እንደሚሠራ አልክድም፤ እኔ ግን ለዚህ ማኅበር አልመክረውም። ሁለቱን ወገን በአንድ ማሽን ላይ ማቀላቀል ማይክሮሶፍት የማይደግፈው አሠራር ነው። ዛሬ ይሠራል፤ ነገ ኦፊሱ ራሱን ሲያድስ ወይም ሲጠገን አንዱ የሌላውን ምዝገባ ሊነካበት ይችላል፣ አንዳንዴም ኦፊስ በተከፈተ ቁጥር «በማዋቀር ላይ» እያለ ያስጠብቃል። ከደብረ ብርሃን ባለሙያ ጠርቶ ለመጠገን ቀን የሚፈጅበት መሥሪያ ቤት የሚያስፈልገው፣ የማይነካካ ነገር ነው።

የእኔ ምክር 64 ቢቱን ኦፊስ አራግፎ ያንኑ ኦፊስ 2021 በ32 ቢት መልሶ መጫን ነው። ፈቃዱ አንድ ነው፤ ከአካውንቱ ላይ ሲያወርዱ በሌሎች አማራጮች ሥር 32 ቢት የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት። ይህ ሲደረግ 32 ቢት ኤሲኢ አብሮ ይገባና ፕሮግራሙ ይከፈታል። 64 ቢት ኤክሴል ጥቅሙ ማህደረ ትውስታ ነው፤ በጣም ግዙፍ ፋይል ለሚያገላብጥ ሰው ልዩነቱ ይታያል፣ ለአንድ ወረዳ ማኅበር መዝገብ ግን አይታይም። ዊንዶውሱ 64 ቢት ሆኖ ኦፊሱ 32 መሆኑም ምንም ችግር የለበትም፤ ዊንዶውስ 11 በ32 ቢት ባይኖርም የ32 ቢት ፕሮግራሞችን ያስኬዳል።

ሚዛኑን የሚደፋው ሌላው ነገር የወለድ ማስያው ፋይል ነው። በማክሮው ውስጥ ከዊንዶውስ የሚጠራ አገልግሎት በአሮጌው አጻጻፍ ተገልጿል ማለት ነው። ከኦፊስ 2010 ጋር ከመጣው የማክሮ መጻፊያ ቋንቋ፣ ከቪቢኤ 7 ወዲህ በ64 ቢት ኦፊስ ላይ እንዲህ ያለው መግለጫ «ፒቲአር ሴፍ» የሚል ቃል እንዲጨመርበት ግዴታ ነው፤ ቃሉን ማከል ብቻም አይበቃም፣ የማህደረ ትውስታ አድራሻ የሚይዙት ተለዋዋጮች ዓይነታቸው መለወጥ አለበት። ይህን ያላስተዋለ ሰው ቃሉን ብቻ ይጨምርና ማሳሰቢያው ሲጠፋ ተስተካከለ ይላል፤ ከዚያ ኤክሴል በመሀል ይዘጋበታል። ወደ 32 ቢት ከተመለሱ ፋይሉ ሳይነካ እንደ ድሮው ይሠራል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ፕሮግራምዎ ኦዲቢሲ የሚባለውን የዳታቤዝ ማገናኛም የሚጠቀም ከሆነ ዊንዶውስ ውስጥ ሁለት የኦዲቢሲ ማስተዳደሪያዎች እንዳሉ ይወቁ። 32 ቢቱ ያለው መጨረሻው 64 በሆነው «ሲስዋው 64» ማኅደር ውስጥ ሲሆን፣ 64 ቢቱ ደግሞ በ«ሲስተም 32» ውስጥ ነው። አልተሳሳትኩም፤ ስያሜው እንዲሁ የተገለባበጠ ነው፣ ለቆዩ ፕሮግራሞች ሲባልም እንዳለ ቀርቷል።

የአይሲቲ መምህር (መሀል ሜዳ)

በዚህ እስማማለሁ። ከማራገፍዎ በፊት የመረጃ ፋይሉን ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ፤ አሮጌውን ኮምፒውተርም ቢያንስ የመጀመሪያው ወር ሒሳብ እስኪዘጋ ድረስ ፎርማት አያድርጉት። ዶትኔት 3.5ን በተመለከተ ማይክሮሶፍት እስከ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2029 ድረስ እንደሚደግፈው ስላሳወቀ ለጊዜው የሚያሳስብ አይደለም። ማኅበሩ ግን ይህን ጊዜ ምንጭ ኮዱ በእጁ የሚሆን ፕሮግራም ለማሠራት ቢጠቀምበት መልካም ነው፤ ኮዱ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ፕሮግራሙን በ64 ቢት መልሶ በማዘጋጀት ሊያልቅ ይችል ነበር።

የሒሳብ ሠራተኛ (እነዋሪ)

ኦፊሱን በ32 ቢት አስጫንን። ፕሮግራሙ ተከፍቷል፣ የወለድ ማስያውም ያለ ማሳሰቢያ ይሠራል። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ግን ገጥሞኛል፤ ከዚህ ጋር መገናኘቱን አላውቅም። በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ጽፈን ያስገባነው የጥቅምት ወር የኤክሴል ዝርዝር በአባላት ሒሳብ ላይ ሙሉ ሆኖ ሲታይ፣ የወሩ ሪፖርት ሲወጣ ግን ድምሩ ያንሳል። ስመረምረው ብዙ ደረሰኞች ቀናቸው ባዶ ሆኖ ነው የገቡት። በኤክሴሉ ላይ ቀኑ ተጽፎ ይታያል።

የኦዲት ባለሙያ (ዓለም ከተማ)

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ ይህን ግን በሥራዬ ደጋግሜ ስላየሁት ልመልስ። ምክንያቱ የቢቱ ጉዳይ አይደለም፤ የኤሲኢ ሌላ ጠባይና የእኛ ዘመን አቆጣጠር የተገናኙበት ነው።

ኤክሴል የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም። 05/02/2018 ብለው ጥቅምት 5ን ሲጽፉ እርሱ የሚረዳው የፈረንጆቹን 2018 ነው። በዊንዶውሱ የአካባቢ ቅንብር ቀን ከወር የሚቀድም ከሆነ ፌብሩዋሪ 5 አድርጎ ይይዘዋል፤ ጥቅምት 29 እና 30 ሲደርሱ ግን የፈረንጆቹ 2018 ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስላለው ቀን ናቸው ብሎ አይቀበላቸውም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተዋቸዋል። አዲስ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው የአሜሪካን ቅንብር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ እዚያ ወር ስለሚቀድም ከጥቅምት 13 ጀምሮ ያለው ሁሉ ጽሑፍ ይሆናል፣ እስከ 12 ያለው ደግሞ ሌላ ወር ሆኖ ይመዘገባል። ጳጉሜን 5 ቀን በ05/13 ሲጻፍ ሜይ 13 ሆኖ ቁጭ ይላል። በዓይን ሲታይ ልዩነቱ ብዙም አይለይም፤ ቀን ብሎ የያዘውን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ያደረገውን ወደ ግራ ማስጠጋቱ ብቻ ነው ምልክቱ።

ቀጥሎ ኤሲኢ ይመጣል። የኤክሴል ዓምድ የቀን ይሁን የጽሑፍ የሚወስነው የመጀመሪያዎቹን 8 ረድፎች አይቶ ነው። ዝርዝሩ በቀን ቅደም ተከተል ስለሚጻፍ መጀመሪያ ላይ ያሉት ከወሩ መግቢያ ናቸው፣ ሁሉም «ቀን» ናቸው፤ ዓምዱ የቀን ነው ብሎ ይወስንና ከታች ያሉትን ጽሑፎች ባዶ አድርጎ ያልፋቸዋል። የስሕተት መልእክት አይሰጥም። ገንዘቡ ይገባል፣ ቀኑ ይቀራል፤ በቀን የሚያጣራው ወርኃዊ ሪፖርት ያንን ገንዘብ አያየውም።

የሚደረገው የሚከተለው ነው። የዊንዶውሱን የቀን አጻጻፍ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ እንደነበረው ያስተካክሉ። ከዚያም ሰብሳቢዎቹ በሚሞሉት ቅጽ ላይ የቀኑን ዓምድ፣ ምንም ሳይጻፍበት በፊት፣ ጽሑፍ ብለው ይሰይሙት፤ ያኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ይነበባል። ከተጻፈበት በኋላ መሰየም አይጠቅምም፤ አስቀድሞ ቀን የሆነው ኤክሴል ቀንን ወደሚቆጥርበት ተራ ቁጥር ይለወጣል። በሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብር መዝገብ) ውስጥ 8 የሚለውን ቁጥር ወደ 0 በመለወጥ ብዙ ረድፍ እንዲያይ ማድረግም ይቻላል፣ ግን ማሽን በተለወጠ ወይም ኦፊስ በተጫነ ቁጥር ስለሚመለስ እኔ በቅጹ ላይ ማስተካከሉን እመርጣለሁ።

ፕሮግራም ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ ቀኑን በጽሑፍ መልክ ይቀበላል ወይ? መረጃ ፋይሉ ውስጥ የቀኑ መስክ የቀን ዓይነት ከሆነ 30/02/2018ን አይቀበልም። በአክሰስ ከፍተው የሠንጠረዡን ንድፍ ይመልከቱ፤ በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ላይ አይሁን።

የሒሳብ ሠራተኛ (እነዋሪ)

አይቻለሁ፤ መስኩ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ተብሎ እንደተጻፈ ነው የሚቀመጠው። የአዲሱ ኮምፒውተር ቅንብርም የአሜሪካን ሆኖ ነው የተገኘው። አሮጌው ላይ ቀን ነበር የሚቀድመው፤ ለዚህ ነው እዚያ የሚጎድለው ጥቂት የነበረው። እንዲያም ሆኖ ባለፈው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቀናቸው ባዶ የሆኑ ደረሰኞች እዚያም አግኝቻለሁ፤ በዓመቱ መዝጊያ ያልታረቀልን ልዩነት ከዚህ ጋር ይገጥማል።

የዘንድሮውን ጥቅምት በተስተካከለው ቅጽ እንደገና አስገብቼ የወሩ ሪፖርትና የአባላት ሒሳብ ድምር እኩል ሆነዋል። ያለፈውን ዓመት በዋናው መዝገብ ላይ በእጅ ላርመው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

የኦዲት ባለሙያ (ዓለም ከተማ)

ሰኔ 30 ላይ ተዘግቶ የተመረመረ ዓመት ከሆነ በፋይሉ ውስጥ ገብተው ቀኑን አይሙሉ። ቀናቸው ባዶ የሆኑትን ደረሰኞች ከወረቀቱ ቀሪ ጋር አመሳክረው በዝርዝር ያውጡ፣ ልዩነቱን የሚገልጽ ማስታወሻ ከሰብሳቢውና ከሒሳብ ሹሙ ፊርማ ጋር ያዘጋጁ፣ ማስተካከያውን በዘንድሮው መዝገብ ላይ በማስተካከያ ቫውቸር ያስገቡ። የኤክሴሉን ዋና ፋይልም እንዳለ ያቆዩት፤ መርማሪው ቀኖቹ ለምን ባዶ እንደሆኑ ሲጠይቅ የሚያሳዩት እርሱን ነው።